በ219 ዶላር የገዛሁት ሽጉጥ ከ14 ወር በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ሽጉጤ እንደገና ነከሰብኝ፤ ማለትም ጥይት ተቀርቅሮበት ቆመ። ሦስተኛዋ ጥይት ላይ። እዚያው የኢላማ መተኮሻው ውስጥ እንደቆምኩ፣ የጆሮ መከለያውን እንኳ ሳላወልቅ፣ ስለዚህ ዕቃ መጻፍ አለብኝ አልኩ። ይኸው ጻፍኩ።

ሽጉጡን የገዛሁት ከ14 ወር በፊት ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሱቁ ከቤቴ 20 ደቂቃ በመኪና ይሆናል። 9 ሚሊሜትር ነው፤ 12 ጥይት ይጎርሳል፤ ከሁለት ካዝና ጋር ነው የመጣው። ታክሱ ሳይጨመር 219 ዶላር። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። የተበላሸው የእኔ አንዱ ነው፤ ሌላ ሰው ጋ ያለው ደህና ሊሆን ይችላል። የማወራው እጄ ላይ ስላለው ነው።

ለምን ሽጉጥ አስፈለገህ የሚል ይኖራል። የምሠራው የማታ ፈረቃ ነው። ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ብቻዋን ታድራለች። ካቻምና ክረምት ላይ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ያለ ቤት በሌሊት ተሰብሮ ተገባበት። ሰው አልተጎዳም። ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ እሷም እንቅልፍ አጣች፣ እኔም ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን በየአሥር ደቂቃው ማየት ጀመርኩ። ተመካከርን፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ተስማማን። ስለዚህ ይህ ሽጉጥ ለእኔ የተገዛ አይደለም። ለእሷ ነው። ይህንን ያዙልኝ፤ የንዴቴ ምክንያት ሁሉ እሱ ነው።

ሻጩ ያለኝን ዛሬም አልረሳሁትም። መስታወቱ ሥር ጎን ለጎን የተደረደሩትን እያሳየኝ፣ "እነዚያን ያስወደዳቸው ስማቸው ነው፤ ብረቱ ያው ብረት ነው" አለኝ። በሐሳቤ ይህን ሰው ስንቴ እንደተከራከርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። መኪና እየነዳሁ እከራከረዋለሁ። ሥራ ቦታ እከራከረዋለሁ። ያው ብረት ከሆነ ወንድሜ፣ አንተ ወገብህ ላይ የታጠቅከው ለምን ከዚያ ከውድ መደርደሪያ ሆነ? ያን ቀን ይህን ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን 100 ጥይት ተኮስኩ። ስድስት ጊዜ ቆመብኝ። ተመልሼ ስነግረው፣ "አዲስ ስለሆነ ነው፣ 200 ጥይት ይብላ፣ ይፍታታል" አለኝ። እውነት ነው፣ አዲስ ሽጉጥ መጀመሪያ ላይ ጠንከር ሊል ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህንን ይላል። ታገስኩ። 200 ሲሞላ የነከሰው 11 ጊዜ ሆነ። እንደገና ሄድኩ። አሁን ደግሞ "አያያዝህ ላላ ብሏል" አለኝ። ይህም ሐሰት አይደለም። ቀላል ሽጉጥን የእጅ አንጓህን አላልተህ ከያዝከው ስላይዱ፣ ማለትም ከላይ ወደ ኋላ የሚሳበው ክፍል፣ ሙሉ መንገዱን ሄዶ ለመመለስ ጉልበት ያንሰዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአያያዜ ስጨነቅ ከረምኩ።

ከዚያ የመተኮሻውን አሠልጣኝ አንድ ካዝና እንዲተኩስልኝ ለመንኩት። ዕድሜውን በዚህ ሥራ የጨረሰ ሽማግሌ ነው። አምስተኛዋ ላይ ነከሰበት። ምንም አልተናገረም፤ ሽጉጡን ባዶ አድርጎ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞረ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ፊቴን አየኝ። ለሻጩ የእሱም አያያዝ ላልቷል ልበለው?

ያን ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ጎጃም ነው ያለው። ምንሽር ነበረው፤ ከአባቱ የወረሰው፣ ከእሱ ዕድሜ የሚበልጥ። ልጅ ሆኜ በዘይት በራሰ ጨርቅ ሲወለውለው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁት። ችግሬን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ዋጋውን አይደለም። "ልጄ፣ ከሸፈ ነው የምትለኝ ወይስ ነከሰ?" አለኝ። ነከሰ አልኩት። "ከከሸፈ ጥይቱ ነው፤ ጥይት ትቀይራለህ። ከነከሰ ግን መሣሪያውን እየው" አለኝ። ከዚያ ዋጋውን ጠየቀኝ። 219 ዶላር ስለው ዝም አለ። በእሱ ዘመን ሰው መሣሪያ የሚገዛው በሬ ሸጦ ነው፤ አንዴ ተገዝቶ ለልጅ የሚተላለፍ ነው። እኔ ደግሞ ከአንድ ሳምንት ደሞዜ ባነሰ ዋጋ ገዝቼ፣ ለልጅ ይቅርና ለእናቱም የማልሰጠው ነገር ይዤ ነበር።

መሣሪያውን እየው ስላለኝ አየሁት። የነከሰችውን ጥይት ሳላወጣ ብርሃን አብርቼ ተመለከትኩ። ጥይቷ ከካዝናው ግማሽ ወጥታ፣ አፍንጫዋ ወደ በርሜሉ በሚያስገባው ተዳፋት ላይ ተቀርቅራለች። ስላይዱ ከኋላ እየገፋት ነው፤ እሷ ወደ ላይ ቀና ብላ መግባት ሲገባት ወደ ታች ደፍታ ቀርታለች። ሳወጣት አፍንጫዋ በአንድ ጎኑ ተላጦ፣ ጥፍር የሚያክል ምልክት ወጥቶበታል።

ወደ ታች የምትደፋው ለምንድን ነው? ይህን ለማወቅ የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ወስጄ ካዝናዎቹን 1 እና 2 ብዬ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ደብተር ገዛሁ። ስንት እንደተተኮሰ፣ በየትኛው ካዝና፣ የት ላይ እንደቆመ እየጻፍኩ ሌላ 200 ተኮስኩ። ሰባት ጊዜ ነከሰ። ስድስቱ ከ2 ቁጥር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የ2 ቁጥሩ ከንፈር፣ ጥይቷን ከላይ የሚይዛት የታጠፈ ቆርቆሮ፣ በአንድ በኩል ትንሽ ተከፍቷል። በዓይን ለማየት እንኳ ያስቸግራል። የጥንቃቄ ጉዳይ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ አንድ ሰው አንስቶ ቢያየው ያገኘው ነበር። ርካሽ ነገር ላይ የሚቀነሰው ይህ ነው እንጂ ብረቱ አይመስለኝም። አንስቶ የሚያየው ሰው ነው የሚቀነሰው።

ሽጉጡን ከነካዝናዎቹ ወደ ፋብሪካው ላክሁት። የመላኪያውን እነሱ ከፈሉ፤ እዚህ ላይ አላማቸውም። አምስት ሳምንት ቆይቶ መጣ። አብሮት አንዲት ወረቀት አለች፦ ተሞክሯል፣ ጉድለት አልተገኘበትም። የጥፍር ቀለሙ ያለበት ካዝና ያው ራሱ ተመልሶ መጣ።

ሁለት አዲስ ካዝና በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፤ አንዱ 32 ዶላር። ክብ አፍንጫ ባለው የልምምድ ጥይት 250 ተኮስኩ። ሁለት ጊዜ ብቻ ነከሰ። ተስፋ አደረግሁ። ግን ቤት ውስጥ የሚቀመጠው የልምምድ ጥይት አይደለም። ቤት የሚቀመጠው አፉ ጎድጎድ ያለው፣ ሆሎ ፖይንት የሚሉት ነው፤ የመታውን ነገር አልፎ ከኋላ ያለ ሰው ጋ የመድረስ ዕድሉ ይቀንሳል። ልጆች በሚተኙበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዚህ ጥይት አፍንጫ ደግሞ ክብ ስላልሆነ ተዳፋቱ ላይ ለመቀርቀር ይመቻል። በጎበዝ ሽጉጥ ይህ ችግር አይፈጥርም። በእኔው ከ150ው አምስቱ ነከሱ። የቅዳሜዋ አንዷ ናት።

አሁን በደብተሬ 800 ጥይት፣ 25 መንከስ አለ። አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ "ከመቶ ሦስት እኮ ነው፣ ምን አለበት" አለኝ። ምን እንዳለበት ልንገራችሁ።

ባለቤቴን ይዣት ሄድኩ። አሠልጣኙ ሲነክስ ምን እንደሚደረግ አስተማራት፤ ካዝናውን ማውጣት፣ ስላይዱን ደጋግሞ ስቦ የተቀረቀረውን መጣል፣ ካዝናውን መልሶ አስገብቶ ማቀባበል። እሷ ጠንቃቃ ናት፤ ቶሎ ያዘችው። ግን የዚህ ሽጉጥ ስላይድ ለእሷ ጠጣር ነው፤ ሁለት እጇን ተጠቅማ፣ ጥርሷን ነክሳ ነው የምትስበው። በሰዓት ያዝኩላት። 20 ሰከንድ። ደማቅ ብርሃን ባለበት፣ አጠገቧ አስተማሪ ቆሞ፣ ማንም ሳያስፈራራት። ጨርሳ አስቀመጠችውና ዞር ብላ፣ "በጨለማ፣ ትንሹን ይዤስ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ርካሽ ሽጉጥ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አብሮ አደጌ ኦሃዮ የሚሠራውን ሃይ-ፖይንት ይዟል፤ ከእኔው ሳይረክስ አይቀርም። መልኩ አያምርም፤ ስላይዱ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ፣ ወፍራምና ከባድ ነው። ክብደቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ ሽጉጥ አሠራር በርሜሉንና ስላይዱን አያቆላልፍም፤ የ9 ሚሊሜትሩን ግፊት የሚገታው የስላይዱ ክብደትና ሞላው ነው። ዋስትናው የዕድሜ ልክ ነው፤ ከሰው እጅ የገዛውንም ይጨምራል። የእሱን እኔው ራሴ ተኩሼዋለሁ፤ 100 ጥይት ያለ አንድ ችግር ጨረሰ። ቅናት ያዘኝ ብል አላፍርም።

የርካሽ ሽጉጥ ስም የተበላሸው ድሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ትንንሽ ርካሽ ሽጉጦች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ፤ አገር ውስጥ መሥራትን ግን አልከለከለም። ከዚያ በኋላ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ዚንክ እያቀለጡ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ1972 የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽንን ያቋቋመው ሕግ ሽጉጥን ጨምሮ ጠመንጃና ጥይትን ከኮሚሽኑ ሥልጣን ውጭ አድርጓል። የልጄ አልጋ ጉድለት ካለበት ከገበያ ይሰብሰብ የሚል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። ለሽጉጥ የለም። ፋብሪካው በራሱ ፈቃድ ካልሰበሰበው በቀር የሚሰበስበው የለም። እኔ በጥፍር ቀለምና በደብተር ያደረግሁት ምርመራ የማን ሥራ ነበር? ይህን ሳውቅ ነው መጻፍ አለብኝ ያልኩት።

ገንዘቡን ደምሬዋለሁ። ሽጉጡ 219። የልምምዱ 650 ጥይት በ28 ሳንቲም ሒሳብ 182። ሆሎ ፖይንቱ 150። የመተኮሻ ክፍያ ዘጠኝ ጊዜ 225። ካዝና 64። ድምሩ 840 ዶላር። ልክ ነው፣ ጥሩ ሽጉጥ ብገዛም ልምምድ አይቀርም ነበር። ግን ግማሹን ጥይት የተኮስኩት ለመለማመድ ሳይሆን ዕቃውን ልመነው አልመነው ለማለት ነው። እዚያው ሱቅ፣ በዚያው ቀን፣ ከፖሊስ የወጣ አሮጌ ሽጉጥ በ380 ዶላር ተቀምጦ ነበር። ኤፍ ቢ አይ ወደ 9 ሚሊሜትር ሲመለስ ብዙ የፖሊስ መምሪያዎችም ተከተሉ፤ የቀድሞ ሽጉጦቻቸው ገበያ ላይ ወጡ። ውጫቸው በወገብ መያዣው ተፋፍቋል፤ ውስጣቸው ብዙ ያልተሠራበት ነው። ፍቆቹን አይቼ አሮጌ ነው ብዬ አለፍኩት። አዲስ በሚል ቃል ተሸነፍኩ። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ እነዚያን ጠይቁ።

ሌላም ሻጩ የነገረኝ ነገር አለ፤ "መኪናህ ውስጥ ይዘኸው ትዞራለህ" ብሎኝ ነበር። እባካችሁ እንዳትሰሙ። ስንቶቻችን ቤታችን አሌክሳንድሪያ፣ ሥራችን ዲሲ ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ ድልድዩን ከተሻገራችሁ በኋላ አይሠራም፤ ዲሲም ሜሪላንድም አይቀበሉትም። ወንጀል ነው፤ ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ ከእስሩ የሚብስ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ልጆች ያሏችሁም የብረት ሳጥን ሳትገዙ ሽጉጥ አትግዙ።

ባለፈው ሳምንት አንድ በቅርብ የመጣ ልጅ፣ የማከብረው ወዳጄ፣ "ጋሼ ካልፈለጉት ለእኔ ይሽጡልኝ፣ 150 እሰጣለሁ" አለኝ። ቨርጂኒያ በ2020 ያወጣችው ሕግ ከሰው ለሰው ሲሸጥም ሱቅ ሄዶ የገዢውን የኋላ ታሪክ ማስመርመርን ግዴታ አድርጎ ነበር፤ እሱን ማሟላት እንችላለን። ግን እሱም ሚስት አለችው። አልሸጥልህም አልኩት፤ ቅር አለው፤ ደብተሩን አሳየሁት።

ሱቁ ደግሞ በ60 ዶላር እንደሚገዛኝ ነግሮኛል። ወስጄ ልጥለው ነበር። በኋላ ሳስበው፣ በማግስቱ መስታወቱ ሥር 150 የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይቀመጣል፤ ያ ሻጭም ያው ብረት ነው እያለ ለአንዱ የእኛ ልጅ ያሳየዋል። ተውኩት።

አሁን ባዶውን የብረት ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቴ በሩን በወፍራም ብረት አስገጥማለች፤ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። ለ380ው እስካሁን 240 አጠራቅሜያለሁ።