የተዘጋ ጋራዥን «በድፍኑ እንግዛችሁ» ለሚሉ ገዢዎች እንዳትሸጡ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ከወላጅ የተረከቡትን ወይም ለዓመታት ተቆልፎ የቆየ ጋራዥ፣ ዕቃ ቤት ወይም የጓሮ ክፍል ባዶ ለማድረግ ለተነሡ የድሬዳዋና የሐረር ነዋሪዎች ነው። ቤተሰባችን በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የሚገኘውን የአባታችንን ጋራዥ በአንድ ድምር ዋጋ ሸጦ፣ ከተስማማው ገንዘብ ከግማሽ እምብዛም ያልበለጠ አግኝቶ፣ ቆሻሻውንም በራሱ ወጪ አስነሥቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ልንሸጠው ፈጽሞ ያላሰብነው ዕቃ አብሮ መሄዱ ነው። ያው ገዢ በሌሎች ቤቶችም በዚሁ አኳኋን መዋዋሉን ከጎረቤቶች ስለሰማሁ፣ ነገሩ እንዴት እንደተፈጸመ ላስረዳ።

አባታችን ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ይህች ከተማ ያደገችው በሐዲዱ ዙሪያ ነውና፣ በከዚራ የድሮ ግቢዎች እንደኛ ዓይነት የተዘጋ ክፍል ያለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ጋራዡ መጀመሪያ የፔጆ 404 ማደሪያ ነበር፤ መኪናዋ ከተሸጠች በኋላ መለዋወጫዋ ቀረ። ከ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ በኋላ ደግሞ ከአክስታችን ቤት በጭቃ ተለውሶ የተረፈው ዕቃ ሁሉ እስኪደርቅ ተብሎ እዚያው ገባ፤ በሩም ተቆለፈ። አባታችን ካረፉ በኋላ ያንን በር መክፈት ለማናችንም ቀላል አልነበረም። ዘንድሮ ክፍሉን ለማከራየት ስንወስን አንድ የሰፈር ደላላ ወሬውን ሰማና ገዢ ይዞ መጣ።

በሩን ስንከፍተው የታፈነ ሙቀትና የአይጥ ሽታ ፊታችንን መታን። ካርቶኖቹን ምስጥ በልቷቸው ሲነኩ ይፈርሱ ነበር። ሰውየው ከኪሱ በሲባጎ የታሰረች ትንሽ ማግኔት አወጣና እያንዳንዱን ዕቃ ነካ ነካ እያደረገ አለፈ። ማግኔቷ ስትጣበቅ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሳትጣበቅ ስትቀር ለአፍታ ይቆምና ዕቃውን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ ያደርገዋል። አፉ ግን «ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው እማማ፣ የምወስደው ክፍሉን ላጽዳላችሁ ብዬ ነው» እያለ እናታችንን ያግባባ ነበር። ትርጉሙ የገባኝ በኋላ፣ ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤታችን ሲያስረዳኝ ነው። ማግኔት ብረትን እንጂ መዳብን፣ ነሐስን፣ አልሙኒየምንና እርሳስን አይስብም፤ የመዳብ የኪሎ ዋጋ ደግሞ ከቁርጥራጭ ብረት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰውየው ዓይናችን እያየ ዋጋ ያለውን ከሌለው ለይቶ ጨርሷል ማለት ነው፤ እኛ ያየነው አቧራውን ብቻ ነበር።

የተስማማነው «በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ» በ40,000 ብር እንዲወስድና ክፍሉን ጠርጎ እንዲያስረክብ ነበር። 10,000 ብር ቀብድ ሰጠ። ቀሪው ሥራው ሲያልቅ ይከፈላል ተባለ፤ ወረቀት ላይ ግን ምንም አልሰፈረም። በመጀመሪያው ቀን ሠራተኞቹ ሁለቱን ዲናሞ፣ ሞተሪኖውን፣ ራዲያተሩን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ጥቅል፣ የነሐስ ቧንቧዎቹንና ሦስቱን የሞቱ ባትሪዎች በአይሱዙ ጭነው ሄዱ። በማግሥቱ ሰውየው ብቻውን መጥቶ፣ ዕቃው ሲመዘን ክብደት ስላልሞላ ከ22,000 ብር በላይ እንደማይከፍል፣ ካልፈለግን የቀረውን እንድናስቀምጠው ነገረን። የቀረው የተቦጫጨቀ ፍራሽ፣ በማዳበሪያው ውስጥ ድንጋይ የሆነ ሲሚንቶ፣ የተሰበረ መስታወትና የተቃጠለ ዘይት ያለበት በርሜል ነበር። ዋናው ዕቃ ከእጃችን ስለወጣ ለመከራከር አቅም አጣን። ያንን ቆሻሻ ለማስነሣት ለጋሪና ለጉልበት 4,500 ብር ከፍለናል።

የባትሪዎቹን ነገር ለብቻው ላንሣው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል። ሠራተኞቹ ባትሪዎቹ ለጭነት እንዲቀሉ አሲዳቸውን በጓሮው ኒም ዛፍ ሥር ደፍተውታል። ሲሚንቶው ላይ የፈሰሰው አረፋ አውጥቶ ወለሉን በልቶታል፤ የእህቴ ልጆች ደግሞ የሚጫወቱት እዚያው ጥላ ውስጥ ነው። የባትሪ አሲድ ቆዳና ዓይን ከማቃጠሉ በላይ እርሳስ የተቀላቀለበት ነው፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አፈሩን ቆፍረን ካነሣን በኋላ እንኳ እናታችን ልጆቹን ወደዚያ አታስጠጋም። ስለዚህ ማንም ገዢ በግቢያችሁ ውስጥ ባትሪ እንዲከፍት፣ ወይም መዳቡን ለማውጣት ሽቦ እንዲያቃጥል አትፍቀዱ።

«ያለው ሁሉ» የሚለው ቃል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የተረዳነው ዘግይተን ነው። ዕቃው ሊጫን በነበረበት ዋዜማ ማታ እህቴ የእናታችንን የድሮ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና መሳቢያ ስትከፍት፣ በጨርቅ የተቋጠሩ ሁለት ጠገራ ብሮች አገኘች። የጠገራ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። መሳቢያው ሳይከፈት ቢቀር ኖሮ ውላችን ይዟቸው ይሄድ ነበር። ለአባታችን ፋኖስ ግን ያን ዕድል አላገኘንለትም። ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው የሰጧቸው፣ አንዱ ጎኑ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ መስታወት ያለው የነሐስ የእጅ ፋኖስ ነበር። ከመለዋወጫው ሣጥን ሥር መሆኑን ያስታወስነው አይሱዙው ከሄደ በኋላ ነው። ደላላውን ብናስደውለው «በኪሎ ተሽጧል» የሚል መልስ መጣ።

በቃል የተደረገ የተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭም በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል ነው፤ ተታሎ የተዋዋለ ሰውም ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚችል የሕጉ አንቀጽ 1704 ይደነግጋል። የእኛ ችግር ማስረጃ ማጣታችን ነው። የሰውየውን ሙሉ ስም እንኳ አናውቅም፤ የመኪናውን ታርጋ አልጻፍንም፤ ደላላውም «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም» ብሏል።

እኛ ያጣነውን እናንተ እንዳታጡ የምለምናችሁ ዋናው ነገር፣ ክፍሉ በውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቁ ዋጋ እንዳትቀበሉ ነው። እንዲህ ያለ ገዢ የሚተማመነው በድካማችሁ ነው፤ ሐዘኑም አቧራውም አንድ ላይ ሲከብዳችሁ «ተገላገልን» የሚያሰኛችሁን ማንኛውንም ዋጋ እንደምትቀበሉ ያውቃል። እኛን የጎዳን ይኸው ነበር። ድሬ ሙቀቱ ሳይበረታ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ለሦስትና ለአራት ቀን ቢሠራ አንድ ጋራዥ ተለይቶ ያልቃል። ሣጥንና መሳቢያ ሁሉ ይከፈት፤ የልብስ ኪስ ይፈተሽ፤ ወረቀት ደግሞ ሳይነበብ አይጣል፤ የቤት ካርታና የግብር ደረሰኝ የሚገኘው በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ነውና። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት ካለቻችሁ መዳቡንና ነሐሱን ራሳችሁ ለይታችሁ ለየብቻ፣ በየኪሎው፣ ቢያንስ ለሁለት ገዢ ማስገመት ትችላላችሁ።

ሚዛኑንም ሳትፈትኑ አትመኑ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ሞልታችሁ ብታስመዝኑ፣ ውኃው ብቻውን 20 ኪሎ ስለሆነ ሚዛኑ ከዚያ ጥቂት ከፍ ማለት አለበት፤ 16 ወይም 17 ካሳየ ዕቃችሁን ከዚያ ሚዛን ላይ አንሡ። ገዢው ክፍሉን እንዲያጸዳ ከተስማማችሁ ቆሻሻው አስቀድሞ ይውጣ፤ ገንዘቡም ተቆጥሮ እጃችሁ ሳይገባ መኪናው ከግቢ አይንቀሳቀስ። ስም፣ ታርጋና የዕቃው ዝርዝር በሁለት ምስክር ፊት ይጻፍ።

የማይሸጠውን ከሁሉ በፊት አውጡ። እኛ ሁሉንም ማስቀረት አንፈልግም ነበር፤ ቸርኬውም፣ ፍራሹም፣ የአክስታችን ጭቃ የበላው ብፌም መሄድ ነበረበት፣ በመሄዱም አላዘንንም። አንድ ቀን ቀደም ብለን ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበን «ከዚህ ውስጥ የምናስቀረው የትኛውን ነው?» ተባብለን ቢሆን ኖሮ፣ ፋኖሱ ዛሬ የእናታችን መስኮት ላይ ይቀመጥ ነበር።

የፋኖሱ እጀታ በቀጭን ሽቦ የተጠገነ ነው፤ ከታች በኩልም አውራ ጣት የሚያህል ስርጉድ አለው። በድሬዳዋም ሆነ በሐረር በቁርጥራጭ ብረት መሰብሰቢያ ውስጥ ያየው ሰው ካለ እባካችሁ አሳውቁን፤ በኪሎ የተከፈለበትን እጥፍ ከፍለን እንወስደዋለን።