ብርቱካን ስንት ጊዜ ይጨበጨባል?

ደሴ ላይ ለአፀደ ሕፃናት ልጆች የሚሸጥ የሙዚቃ ምት ማስተማሪያ አለ፤ 16 ገጽ የሥዕል መጽሐፍና 20 ካርድ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ልጁ ኖታ ከማየቱ በፊት ከጓዳ በሚያውቃቸው ቃላት ምት ይለምዳል፦ ሙዝ አንድ ጭብጨባ፣ ሎሚ ሁለት፣ በርበሬ ሦስት፣ ማካሮኒ አራት።

ጣጣው ከየሥዕሉ ሥር ያሉት ነጥቦች ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ነጥብ ተሰጥቷል። ብርቱካን በአምስት ፊደል ስለሚጻፍ አምስት ነጥብ አለው፤ አፍ የሚለው ግን «ብር-ቱ-ካን» ነው፣ ሦስት። ሽንኩርትም አምስት ነጥብ ይዞ ጭብጨባው ሁለት ብቻ ነው። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ አናባቢ አይኖረውም፤ ከቀደመው ፊደል ጋር ተጣብቆ ቀለሙን (በአንድ ጭብጨባ የሚባለውን የቃል ክፍል) ይዘጋል። ነጥቡን በጣቱ እየተከተለ «ብ-ር-ቱ-ካ-ን» የሚል ልጅ ፊደል ቆጠረ እንጂ ምት አልያዘም። ነጥቦቹን በነጭ ወረቀት ሸፍኖ በማርከር እንደገና ማድረግ የግድ ነው።

ጥብቀትማ ጭራሽ ተረስቷል። «ዋና» የሚለው ገጽ ላይ ውኃ ውስጥ ያለ ልጅ ተሥሏል፤ ስለዚህ ላልቶ ይነበባል። አጥብቆ ያነበበ ወላጅ ሌላ ቃል ያስተምራል። ሁለቱም ሁለት ጭብጨባ ናቸው፤ ሲጠብቅ ግን ምላስ «ን» ላይ ይቆይና የመጀመሪያው ምት ይከብዳል።

ምርጡ ካርድ ባዶው ሰሃን ነው፤ ዝምታ ማለት ነው። ሙዝ፣ ሎሚ፣ ሙዝ፣ ባዶ ሰሃን አድርጋችሁ ደርድሩ። ልጆች ሰሃኑን ዘለው ይሮጣሉ፣ ዝምታ ሲመጣ ምቱ ያለቀ ስለሚመስላቸው። መዳፋቸውን ወደ ላይ እንዲዘረጉ ብታደርጉ ግን እጃቸው ሥራ ስላገኘ ጊዜውን ይጠብቃሉ።

መመሪያው ያልተናገረው ነገር አለ፦ ማካሮኒም ሙዝም እያንዳንዳቸው በአንድ እርምጃ ውስጥ መግባት አለባቸው። ካልተነገረው ልጁ ለማካሮኒ አራት እርምጃ ይሰጠዋል። አዋቂው ባዶ የ5 ሊትር ጀሪካን በእርምጃ ፍጥነት በመዳፉ ይምታ (ዱላ የልጁን ድምፅ ይውጠዋል)፤ ልጁ ቃሉን ብቻ ይበል። ጭብጨባው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለ4 ዓመት ልጅ ሙዝና ሎሚ ይበቃሉ።

መልመጃዎቹ ከሞላ ጎደል ምቱን ለሁለትና ለአራት የሚከፍሉ ናቸው፤ በርበሬ አንድ ገጽ ብቻ ደርሶታል። የወሎ ልጅ ሠርግ ቤት የሚሰማው ከበሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት የሚከፈል ነው፤ ትከሻው ቀድሞ ያውቀዋል። እዚህ በ«በርበሬ፣ ሙዝ፣ በርበሬ፣ ሙዝ» መጀመር ይቀላል። ካርድ ካነሰ ከአካባቢው የቦታ ስሞች ጨምሩ፦ ሐይቅ አንድ፣ ጦሳ ሁለት፣ ቦርከና ሦስት። ኮምቦልቻም ሦስት ነው፤ በመጽሐፉ አቆጣጠር አምስት ይሆን ነበር።

ካርዶቹ ስስ ወረቀት ናቸው። ልጅ እጅ ከመግባታቸው በፊት ሁለቱንም ገጽ በሰፊ ስኮች ሸፍኗቸው።