«የፋሲካ ዶዝ» የሚሏትን መርፌ እንዳትወጉ

ገና ከዚያ የክብደት መቀነሻ መርፌ ከሚወጉበት ቤት መውጣቴ ነው፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ቤት ገብቼ ሻይ ጠጥቼ ብጽፈው ይለሰልስልኝ ነበር፣ እንዲለሰልስ ግን አልፈልግም።

ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሉት አሌክሳንድሪያ፣ እንጀራ መሸጫው ያለበት ሕንፃ ላይ አይጠፉም። ፊት ለፊት ሽፋሽፍት ይቀጥላሉ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ክብደት ይቀንሳሉ። ቲክቶክ ላይ የበፊትና የአሁን ፎቶ፣ ዋጋ ሲጠየቅ «ኢንቦክስ»፣ ክፍያ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላከው) ብቻ፣ ሐኪሙ ሁልጊዜ «አሁን ወጣ»።

እኔን እዚያ ያደረሰኝ ኢንሹራንስ ነው። ስኳር ስለሌለብኝ የስኳር መርፌውን ኦዜምፒክን አይሸፍንልኝም፤ ዌጎቪን ደግሞ ለክብደት ነው ብሎ አልከፍልም አለ። ሁለቱም ውስጥ ያለው ያው ሴማግሉታይድ የሚባለው መድኃኒት ነው። እነዚህ ያንኑ በብልቃጥ አለን አሉኝ፤ በወር 300 ዶላር፣ የሦስት ወሩን አንድ ላይ ለከፈለ 750። ከፈልኩ።

ሁዳዴን ክፉ አላየሁም። በሳምንት አንዴ ሲሪንጁን እስከ 10 መስመር ሞልተው ይወጉኛል፤ ትንሽ ያቅለሸልሸኛል፣ ሽሮዬን ግማሽ ላይ እተዋለሁ፣ በቃ። ሕማማት ሲገባ ግን ያሳሰበኝን የምትወጋኝን ሴት ጠየቅኩ። «ከ55 ቀን ጾም በኋላ እማዬ ቤት ነው የምንገድፈው። ቅቤ አለ፣ ዶሮ አለ፣ በሞቴ የምትል አክስት አለች። እንዴት ላድርግ?» አልኳት። እኔ የጠየቅኩት ስለ ምግብ ነው። መልሷ «የፋሲካ ዶዝ አለን፣ ማሬ» ሆነ። 80 ዶላር ጨምሪ፣ ዶሮውን በዓይንሽ አይተሽ ትጠግቢያለሽ። መስመሩን 20 አደረሰችው።

ከቅዳሴ ተመልሰን ገበታ እንደቀረብን የቀመስኩት ግማሽ እንቁላልና የአክስቴን አንዲት ጉርሻ ነው። የተከተለውን በዝርዝር አልነግራችሁም። የትንሣኤን እሁድ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ዋልኩ፤ ውኃ እንኳ ሆዴ ውስጥ አልረጋ ሲለኝ ኢመርጀንሲ ወስደው ግሉኮስ ሰኩልኝ። እማዬ የመርፌውን ነገር አታውቅም፤ «ቅቤው ነው የጎዳሽ» ብላ ከአገር ቤት የተላከላትን ቅቤ ሙሉውን ደፋችው። ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሐኪሟ ስታስረዳኝ መድኃኒቱ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል፣ ቅባት ሲበዛበት ማቅለሽለሹ ይብሳል፣ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ብቻ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ማርከሻም የለውም። ከዚያ «ስንት ሚሊ ግራም ነው የተወጋሽው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የሄድኩት ያንን ልጠይቅና የቀረኝን ገንዘብ ልቀበል ነበር።

ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ምን በልተሽ ነው?» አለችኝ። ግማሽ እንቁላል አልኳት። ወደ መጋረጃው ዞራ «ዶሮ በልታ ነው!» ብላ ጮኸች። ሽፋሽፍት የሚቀጠልላቸው ሁለት ሴቶች ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሳቁ። «እኛ እኮ እንዳትበዪ ነው የሰጠንሽ። በልተሽ መጥተሽ ገንዘቤን ትያለሽ?»

ባለቤቷ ወጣች። ትከሻዬን እየደባበሰች «እህቴ፣ አይዞሽ፣ ቶክሲኑ ነው የወጣው፣ ሰውነትሽ እየጸዳ ነው» አለች። ብልቃጡን አሳዪኝ አልኳት። ውለታ እንደምትውልልኝ ሁሉ ከፍሪጅ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ቀይ ነው። በሁዳዴ የምወጋው እንደ ውኃ የጠራ ነበር፤ ለእህቴ ለማሳየት ፎቶ አንስቼው ስለነበር ስልኬን አውጥቼ አጠገቡ ያዝኩት። የፊተኛው ላይ 2.5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይላል፤ ቀዩ ላይ 5። የፋርማሲው ስም ያለበት ወረቀት ተልጧል።

«ይሄ እኮ ሌላ ነው» አልኳት።

«ቢ12 ስላለበት ነው የቀላው። ቫይታሚን ጨመርንልሽ፣ ማመስገን ነው።»

«ቁጥሩስ?»

አየችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ይመስለኛል። «መስመሩን እጥፍ ነው ያደረግነው፤ እጥፍ ደግሞ ሰው አይገድልም» አለች።

እዚያው ቆሜ አሰብኩት። ሲሪንጁ 100 መስመር ሲሆን አንድ ሚሊ ሊትር ነው። የፊተኛው 10 መስመር 0.25 ሚሊ ግራም፤ የቀዩ 20 መስመር አንድ ሙሉ ሚሊ ግራም። መስመሩም እጥፍ፣ ብልቃጡም እጥፍ፣ ሲባዛ አራት እጥፍ! የዌጎቪ መደበኛ አወሳሰድ ከ0.25 ወደ 0.5 ነው የሚያልፈው፤ አንድ ሚሊ ግራም ላይ የሚደረሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ይህን ስነግራት ታብሌቱን አዙራ ፊርማዬን አሳየችኝ። «ፈርመሻል። ዜል ደግሞ አይመለስም። ከፈለግሽ ቀሪውን ለእህትሽ እናዙረው።» ልጅቷ ስልኳን ወደ ጆሮዋ አንስታ «አዎ፣ አሁንም እዚሁ ናት» ስትል እየሰማሁ ወጣሁ።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2024 ጁላይ በዚሁ በብልቃጥ በሚመጣው ሴማግሉታይድ ሰዎች ከታሰበው ከ5 እስከ 20 እጥፍ እየወሰዱ እንደታመሙ፣ ሆስፒታል የገቡም እንዳሉ አስጠንቅቆ ነበር። መስመርና ሚሊ ግራም እየተምታታ። እነሱ ይህን ሳይሰሙ ቀርተው ነው አትበሉኝ።

ለምትወጉ፦ መስመር አትቁጠሩ፣ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ በጽሑፍ ይስጧችሁ፤ ብልቃጡን ከነጽሑፉ ፎቶ አንሱ። ለበዓል ብሎ ዶዝ የሚጨምር ካጋጠማችሁ ውጡ። የበዓሉን ምግብ በተመለከተ ሐኪሟ ያለችኝ ቀላል ነው፤ ትንሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ቅቤውን ቀነስ፣ ጠገብኩ ስትሉ የማንንም ጉርሻ አለመቀበል። በዝቶ የተወጋባችሁ ከመሰላችሁ የአሜሪካው የመመረዝ ምክር መስመር ፖይዝን ኮንትሮል 1-800-222-1222፣ ሌሊትም ያነሳሉ።

የቤቱን ስም በኢንቦክስ አትጠይቁኝ፣ ጠበቃ እስካናግር አልናገርም። ግን ለይታችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ስወጣ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ እየለጠፉ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ነውና «የሰርግ ዶዝ፣ ለሙሽራና ለሚዜ ቅናሽ» ይላል።