ነጭ የባሕር አኔሞኒ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አኔሞኒ ድንጋይ ላይ በእግሩ ተጣብቆ የሚኖር፣ ባለ ብዙ ክንድ ለስላሳ የባሕር እንስሳ ነው፤ እንደ እኔ ያለ ሰው በቤቱ የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ ከዓሣ ጋር ያኖረዋል። የሻጮቹን ጠባይ መቼም ታውቁታላችሁ። ሲሸጡ «ጠንካራ ፍጥረት ነው፣ ምንም አይሆንም» ይላሉ፤ ሲሞት ደግሞ «በደንብ አላላመድከውም» ብለው ጣታቸውን ወደ ገዢው ይቀስራሉ። እኔም ዛሬ ይህንኑ ተብዬ መመለሴ ነው። እጄን ደጋግሜ ታጥቤም የበሰበሰው ሥጋ ሽታ አለቀቀኝም፤ የምጽፈውም ከነንዴቴ ነው።

የሸጠልኝ አኔሞኒ ነጭ ነበር። «ብርቅዬ ዝርያ ነው፣ እንዲህ ያለ ንጣት የትም አታገኝም» አለኝ። ብርቅዬ! አኔሞኒ ቡናማ መልኩን የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩት ደቃቅ አልጌዎች ነው። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ያካፍሉታል። ውሃው ሲሞቅበት፣ ብርሃን ሲያጣ ወይም በጉዞ ሲንገላታ ያስወጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ይነጣል፣ ይራባልም። ሻጩ ይህን አያውቅም እንዳትሉኝ፤ የነጣውን አኔሞኒ ቢጫና ሐምራዊ ቀለም እየነከሩ የሚሸጡ የሙያ ባልንጀሮቹን ሲያማ ቆይቶ ነበርና። የሆነ ሆኖ የነጣ አኔሞኒ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ካገኘ ሊያገግም ስለሚችል፣ ላስታምመው ተዘጋጅቼ ነበር። ያበገነኝ ንጣቱ አይደለም።

ያበገነኝ ሻጩ ከሱቁ ገንዳ መስተዋት ላይ ያነሳበት መንገድ ነው። አኔሞኒ በእግሩ ከተጣበቀበት የሚላቀቀው በልመና ነው፤ ጠርዙን በጥፍር ቀስ አድርጎ እየገፉ፣ እሱ ራሱ እስኪለቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህንኑ ነገርኩት። ሰውየው ከኋላዬ የቆመውን ደንበኛ አየት አደረገና ከመሳቢያ ውስጥ የመስተዋት ሻጋታ የሚፍቁበትን የብረት ስለት አወጣ። ከታች አስገብቶ ወደ ላይ ገፋው። አኔሞኒው ክንዶቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስቦ ቡጢ አከለ። መስተዋቱ ላይ ግን ጠርዙ የተዘነጣጠለ ቁራጭ ሥጋ ተጣብቆ ቀረ። አየሁት። እሱም ማየቴን አየ። ቃል ሳይተነፍስ በአውራ ጣቱ ጠረገውና ጣቱን በሱሪው ላይ አበሰ።

«እግሩ ተቀደደ እኮ!» አልኩት።

«ያበቅላል። አንተ ብቻ በደንብ አላምደው» አለና ከረጢቱን አስሮ ለረዳቱ ልጅ ጠቀሰው። ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሏል፤ መልስልኝ ብለው «ከውሃው የወጣ አይመለስም» የሚለውን የግድግዳ ጽሑፍ በአገጩ አመለከተኝ። እርግጥ ለሁለት ተከፍሎ የሚራባ የአኔሞኒ ዓይነት አለ። ተርቦ የከረመ፣ በዚያ ላይ በስለት የተቀደደ ግን ምን ጉልበት ኖሮት ያበቅላል?

ማላመዱንማ አላመድኩት። ገንዳዬ ዓመት ያለፈው፣ ውሃው የረጋ ነው፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35። ከረጢቱን አንሳፍፌ ሙቀቱን አስተካከልኩ፤ የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብታ በጠብታ ቀላቀልኩለት። መብራቱን አደበዘዝኩ። አዲስ አኔሞኒ የሚመቸውን ቦታ ፍለጋ ሲዞር ፓምፕ ውስጥ ገብቶ እንዳይከተፍ መምጠጫዎቹን በስፖንጅ ሸፈንኩ። ለምግብም አላጣደፍኩትም። ጤነኛ ቢሆን እግሩን የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሰክቶ ክንዶቹን ወደ ብርሃን ይዘረጋ ነበር። ይህኛው የውሃው ግፊት ወዳደረሰው ተንከባለለ፤ አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ክንዶቹን ስነካቸው ጣቴ ላይ አልጣበቅ አሉ። በመጨረሻ ቡናማ ዝቃጭ እየለቀቀ ፈረሰ። የሚበሰብስ አኔሞኒ ውሃውን በአሞኒያ ይመርዛል፤ ሁለቱ ክላውን ዓሣዎቼ ከውሃው ወለል ላይ አየር ሲቃርሙ ደርሼ ነው ወደ ባልዲ ያሻገርኳቸው። ገና ከዚያው አልወጡም።

ፎቶግራፉን ይዤ ሄድኩ። አላየውም። «ይህን ሁሉ ሰው ሸጬለት፣ የሚሞተው አንተ ጋ ብቻ ነው?» አለኝ፣ ሰው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቀጥሎም «ደግሞስ አኔሞኒ ዕድሜው አጭር ነው፤ አንተ የወርቅ ዓሣ ይሻልሃል»። ረዳቱ ሳቀ። ዕድሜው አጭር ነው? ጆን ዳሊየል የተባለው የስኮትላንድ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1828 ከባሕር ዳርቻ ያነሳት አኔሞኒ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ እስከ 1887 ኖራለች፤ እሱ ራሱ የሞተው በ1851 ነው። ያውም የኤሌክትሪክ ፓምፕ በሌለበት ዘመን! ይህን ብነግረው «ታዲያ ከእሱ አትገዛም ነበር?» አለኝ። ምን ይባላል።

የምትገዙ ከሆነ፣ ከተጣበቀበት ድንጋይ ጋር የሚሸጥላችሁን ፈልጉ። አፉ መገጠሙን እዩ፤ በፊታችሁ ቁራጭ ሽሪምፕ ይስጠውና ክንዶቹ ሲይዙት ያሳያችሁ። ገንዘቡን ደግሞ አኔሞኒው እግሩ ሳይጎዳ ከረጢት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከኪሳችሁ አታውጡት።