በሞልድ ወይስ በ3ዲ ፕሪንተር?

የውሃ ጠርሙስ ክዳን በ3ዲ ፕሪንተር ላምርት የሚል ሰው ቢያማክረኝ፣ ተው እለዋለሁ። የብረት ሞልድ፣ ማለትም ዕቃው የሚቀረጽበትን ቅርጽ ማውጫ፣ ማሠራት መጀመሪያ ላይ ኪስ ያራቁታል፤ አንዴ ከተሠራ ግን የቀለጠ ፕላስቲክ እየተገፋበት በየጥቂት ሰከንዱ ብዙ ክዳን ይተፋል። ፕሪንተሩ ያንኑ አንድ ክዳን 0.2 ሚሊሜትር በሚሆን ንብርብር እየደራረበ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። የንብርብሮቹ መጋጠሚያ መስመር በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ኃይል ሲበዛበትም መጀመሪያ የሚላቀቀው እዚያው ላይ ነው።

እያንዳንዱ ዕቃ የተለየ ሲሆን ሚዛኑ ይገለበጣል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ ሽፋን በየሰዉ ጆሮ ልክ ስለሚሠራ ዛሬ በአብዛኛው ይታተማል። ቅርጹ ሲወሳሰብም እንዲሁ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሊፕ (LEAP) ለተባለው የአውሮፕላን ሞተር የሚሆነውን የነዳጅ መርጫ፣ በፊት 20 ያህል ክፍሎች ተገጣጥመው የሚሠራውን፣ የብረት ዱቄት በሌዘር እያቀለጠ አንድ ወጥ አድርጎ ያትመዋል፤ ክብደቱም 25 በመቶ ቀንሷል። ውስጡ እንዲህ ጠመዝማዛ መተላለፊያ የበዛበትን ነገር በሞልድ ላውጣ ብትል፣ መቅረጹ ቢሳካ እንኳ ከሞልዱ አይላቀቅልህም።

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን የሁለቱ ጋብቻ ነው፦ የማቀዝቀዣ ቱቦው የዕቃውን ቅርጽ ተከትሎ የሚጠማዘዝ፣ በፕሪንተር የታተመ የብረት ሞልድ። ፕላስቲኩ ቶሎና እኩል ስለሚቀዘቅዝ የመጣመም ጣጣው ይቀንሳል።