ከቡዪት ራስ እስከ ጅንባር፦ የስሜን ተራሮች የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ሲመዘን

የስሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ከተማ በሆነችው ደባርቅ የሚሸጠው የአንድ ቀን ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ በመኪና እስከ ቡዪት ራስ፣ ከዚያ የገደሉን አፍ ይዞ በእግር እስከ ሳንቃበር ካምፕ፣ ጉልበት ለተረፈው ደግሞ እስከ ጅንባር ፏፏቴ ማያ። መኪናው በጥርጊያው መንገድ ዞሮ ይጠብቃል። የሚከፈልበትን ያህል ነው ወይ ለሚል፣ አዎ ነው፤ ግን በጠዋት ለተነሳ ብቻ። አርፍዶ የጀመረ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ግማሹን ነው የሚያየው።

ነገሩ የጉም ጉዳይ ነው። ሌሊት ቆላው ላይ የተኛው አየር ፀሐይ ስታሞቀው በገደሉ ጉያ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ያ ሁሉ ሸለቆ ነጭ መጋረጃ ሊሆን ይችላል። ጭላዳዎቹም (የደጋው ሣር በል ዝንጀሮዎች) የጠዋት ናቸው። ሌሊቱን በገደሉ እርከን ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ሣር መንጨት ከመጀመራቸው በፊት ተቀምጠው እርስ በርስ ሲቀማመሉ ማየት የዚህ ጉዞ ምርጥ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከደባርቅ መነሻው 12 ሰዓት ይሁን። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚከፈተው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ስለሆነ የመግቢያ ክፍያውም የስካውት (የታጣቂ አጃቢ) ምደባውም በዋዜማው ከሰዓት ማለቅ አለበት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ ጠዋት ቢሮ ደጃፍ ቆሞ ደረሰኝ ሲጠብቅ ጉሙ ይቀድመዋል። ከዚያም በፊት የጎንደር–ደባርቅ መንገድ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ማጣራት ግድ ነው።

መንገዱ ቁልቁልና ሽቅብ እየተፈራረቀ ይሄዳል እንጂ አንድ ረጅም ዳገት የለበትም። ቡዪት ራስም ሳንቃበርም 3,250 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ እየቆሙ ለሚያዩ በመካከላቸው 3 ሰዓት ይበቃል። ከሳንቃበር እስከ ፏፏቴው ማያ ሌላ 2 ሰዓት ያህል ነው። ማያው ጠባብ የድንጋይ አፍንጫ ነው፣ አጥር የለውም፤ ከጫፉ ሁለት እርምጃ መራቅ፣ ነፋስ ካለ መቀመጥ ይሻላል። ፏፏቴው በመስከረምና በጥቅምት ግርማ አለው፣ ከታኅሣሥ ወዲያ እየሳሳ ይሄዳል። በበጋ ለሚመጣ እስከ ሳንቃበር ያለው ክፍል ብቻ ቢሆንም አይቆጭም።

ሻጮች አንዳንዴ የሚያደባብሱት አንድ ነገር አለ። ዋልያ ለማየት ይህን ጉዞ የሚገዛ ይከፋዋል፤ ዋልያ በአብዛኛው የሚታየው ከሳንቃበር ወዲያ ባለው ጨነቅ ካምፕ አካባቢ ነው፣ እዚያ ደርሶ ለመመለስ ሌላ የመኪና ሰዓት ይጨመራል። ጅብራውም (ረጅሙ የደጋ ተክል) በብዛት ያለው ከግጭ ወዲያ ነው። የግጭ መንደር ቡናም አሁን የለም፦ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፣ የቆዩ ማስታወቂያዎች ግን ዛሬም ይጽፉታል።

ከአገልግሎቱ ሁሉ ዋጋው ያልታወቀለት ስካውቱ ነው። የውጭ አገር እንግዳ ጠመንጃ ያነገተ ዝምተኛ አጃቢ አድርጎ ያየዋል፤ አማርኛ ለሚናገር ግን ሌላ ሰው ነው። አብዛኞቹ የዚያው የተራራው ልጆች ስለሆኑ የተራራውን ዕፅዋት፣ አስታውን፣ ጦስኙን፣ ጓሳውን፣ በስሙና በጥቅሙ ይነግሩታል፤ የትኛው መንጋ የት እንዳደረ፣ የትኛው መንገድ እንደጨቀየም ያውቃሉ። ፊት ለፊት እንዲሄድ መጠየቅ ብልህነት ነው። እርምጃው ዝግ ያለ ይመስላል፣ ግን አያቋርጥም፤ እሱን የተከተለ አይደክምም። ምሳ ሲከፈት ለእሱም የተያዘ ይኑር።

በዚህ ከፍታ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ብዙም አይሰማው ይሆናል፤ ከመተማ፣ ከጅዳ ወይም ከቴል አቪቭ በቀጥታ የመጣ ግን ጎንደር አንድ፣ ደባርቅ አንድ ሌሊት ይደር። ራስ ምታቱ እያየለ ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ቡና አይደለም። ጉልበቱን ለሚጠራጠር የመቀመጫ በቅሎ በዋዜማው ማዘዝ ይቻላል፤ መሀል መንገድ ላይ ግን በቅሎ አይገኝም።

ውኃ ለአንድ ሰው ከ2 ሊትር ተኩል አይነስ። የጅንባር ወንዝ ንጹሕ ይመስላል፣ ከላይ ግን ከብት ይጠጣበታል፤ የግድ ከሆነ 3 ደቂቃ ይፍላ። ጥቅል ምሳው የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ነው፦ ደረቅ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን ያልተናገረ ደግሞ እንቁላሉን ለሌላ ሰጥቶ በዳቦ ይቀራል። ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ በኪስ፣ ግማሽ ኩባያ በሶ ከጥቂት ስኳር ጋር በላስቲክ ይዞ መውጣት፣ ከዚያም ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ በጥብጦ መጠጣት ከጥቅሉ ምሳ ይልቃል።

ጫማ የሚከራይ ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ሶሉን አጥፎ ይሞክር። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ጫማ ማጣበቂያው ይደርቃል፣ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፣ ሁለት ሰዓት ሲሄዱበት ግን ሶሉ ይላቀቃል። ሁለት ሜትር ሲባጎ መያዝ አይከፋም። ጥፍር በዋዜማው ይቆረጥ፣ ቁልቁለት ሲጀመር ማሰሪያው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይጥበቅ፤ ካልሆነ አውራ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲላተም ይውላል።

መኪና የሚከራየው በቀን እንጂ በሰው ቁጥር ስላልሆነ ደባርቅ ላይ ከማያውቁት ተጓዥ ጋር መዳበል የተለመደ ነው፣ አራት ሆኖ መውጣትም ወጪውን በእጅጉ ያቀላል። ጥሉ የሚነሳው በእርምጃ ነው። ሳይነሱ በፊት ሁለት ነገር ላይ ይስማሙ፦ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱና አንዱ ቢደክም ማን አብሮት እንደሚቀር። ዝግ የሚለው ከስካውቱ ቀጥሎ ይሁን፤ ኋላ የቀረ ሰው ሌሎቹ አርፈው ሲነሱ ይደርስና ሳያርፍ ይቀጥላል።

ከጨነቅ ብዙ ቀን ተጉዘው የሚመለሱ ሰዎች ሳንቃበር ላይ አያጡም። ጭቃው እንዴት እንደሆነ፣ ዋልያ የት እንደታየ፣ ሌሊቱ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ የእነሱ ወሬ ትኩስ ነው። የካምፑ ማብሰያ ቤት እሳት ካለው «ቤቶች» ብሎ መግባት ያስኬዳል፤ ባለ በቅሎዎቹና ምግብ አብሳዮቹ ቦታ ይለቃሉ፣ ሻይም አይጠፋም። ስኳር ይዞ የገባ እንግዳ እዚያ ቤት ይወደዳል።