ለፎርድ ኤፍ-150 የነዳጅ ፓምፕ ሞጁል፦ ኦሪጂናል፣ የሌላ አምራች ወይስ ያገለገለ?

ከ2004 እስከ 2008 ሞዴል ያለው የፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ አንድ የታወቀ ችግር አለበት። ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። አንዳንዴም መንገድ ላይ ድንገት ይጠፋና ጥቂት ቆይቶ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። አብዛኛው ሰው የሚጠረጥረው ነዳጅ ፓምፑን ነው። ታንኩ ይወርዳል፣ አዲስ ፓምፕ ይገባል፣ ገንዘብ ይወጣል፤ መኪናው ግን እንደገና ይቆማል። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ከስኮርት ጎማው በላይ፣ ሻንሲው ላይ የታሰረው ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሞጁል ነው።

ይህ ሞጁል ከሞተሩ ኮምፒውተር ትእዛዝ እየተቀበለ ለፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ በፍጥነት ይቆራርጣል፤ ፓምፑ አንዴ ቀስ ብሎ አንዴ ፈጥኖ የሚገፋው በዚህ ነው። ሥራው ስለሚያሞቀው ጀርባው ሙቀት እንዲያወጣ ከአሉሚኒየም ተሠርቷል። ጥፋቱ ያለው አሉሚኒየሙ ከሻንሲው ብረት ጋር ልጥፍ ብሎ መታሰሩ ላይ ነው። በሁለቱ መሐል ጨዋማ ውሃ ሲገባ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ሰርኪዩቱን ያበላሸዋል። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው በሚኒሶታ፣ በኦሃዮ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ችግር ከሌላው ቀድማችሁ የምታዩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሞጁል ስትገዙ ከስሙም ከዋጋውም በፊት ጀርባውን እዩ። የአሉሚኒየም ጀርባውን ከሻንሲው ብረት የሚያርቁ እግሮች ወይም ስፔሰሮች ከሌሉት፣ ማንም ይሥራው ማን፣ አሮጌው የሄደበትን መንገድ ይከተላል።

ኦሪጂናሉ የሚሸጠው ሞተርክራፍት በሚለው ስም ነው። ተሻሽሎ የወጣው ዓይነት ከሻንሲው ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። መኪናውን ለሥራ የምትጠቀሙበትና ገና ብዙ ዓመት ልትነዱት ያሰባችሁ ከሆነ ግን ልዩነቱን ክፈሉ እላለሁ፤ ጠዋት ሥራ ቦታ ሳይደርሱ መንገድ ላይ መቆም ከዚያ በላይ ያስከፍላል። ኦንላይን ስትገዙ ዋጋው ከሌላው ሻጭ ሁሉ በጣም ካነሰ ግን ተጠራጠሩ፤ የቆየው ዓይነት ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ዶርማንን የመሰሉ ስም ያላቸው ሌሎች አምራቾች የሚሠሩት ሞጁል በየመለዋወጫ መደብሩ ይገኛል፤ ከኦሪጂናሉ ይረክሳል። ለአብዛኛው ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የችግሩ ምንጭ አቀማመጡ ስለሆነ፣ ያ ከተስተካከለ ለኦሪጂናል ስም ተጨማሪ መክፈል ሁልጊዜ ግድ አይደለም። ከመደብሩ ሳትወጡ ሳጥኑን ከፍታችሁ ስፔሰሩና ብሎኑ አብሮ መኖሩን አረጋግጡ፤ የዋስትናውንም ዘመን ጠይቁ።

አምራቹ የማይታወቀውን ርካሽ ሞጁል ግን አልመክርም። የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከተገጠመ በኋላ ብዙ መደብር አይመልስም፤ ሲበላሽ የምትጠይቁት ሰው አይኖርም።

ያገለገለውስ? ከተፈታ መኪና ላይ የሚወጣው ሞጁል ያንኑ ያህል ዓመት፣ ያንኑ ጨው ያየ ነው። ከላይ ንጹሕ ይመስላል፤ የሚበላው ግን በጀርባው ነው። እንደ አሪዞናና ኔቫዳ ካለ ደረቅ አገር የመጣ፣ ጀርባው ያልተነካ ካገኛችሁ ለጊዜው ያገለግላል፤ እሱንም ያለ ስፔሰር እንዳታስሩት።

ከሌሎች ፒክአፖች ጋር ስታወዳድሩ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የዚህ ኤፍ-150 ሞጁል ገጥሞ ማስነሳት ብቻ ነው፤ ፕሮግራም አይፈልግም። እንዲህ ያለ ሞጁል ባላቸው ሼቭሮሌ ሲልቨራዶና ጂኤምሲ ሲየራ ላይ ግን አዲሱ ሞጁል በመኪናው የሻንሲ ቁጥር ፕሮግራም መደረግ አለበት። እዚያ የሞጁሉን ዋጋ ብቻ አይቶ መወሰን አያዋጣም፤ የፕሮግራሙን ሒሳብ ጨምሩበት። ፕሮግራሙ ቀድሞ ተሞልቶ የሚላክ ሞጁል የሚሸጡም አሉ፤ የሻንሲ ቁጥራችሁን ሳይጠይቅ «ተዘጋጅቷል» ከሚል ሻጭ ግን አትግዙ።

የትኛውንም ከመግዛታችሁ በፊት ጥፋቱ የእውነት የሞጁሉ መሆኑን አጣሩ። ፊውዙንና ሪሌውን እዩ። ከዚያ በተሳፋሪው በኩል፣ እግር ማሳረፊያው ጎን ያለውን፣ መኪና ሲጋጭ ነዳጅ የሚያቋርጠውን ማብሪያ ተመልከቱ፤ ጠንከር ያለ ግጭት ከነካው ቁልፉ ብድግ ይላል፣ ወደ ታች ሲጫን ይመለሳል። ለዚህ ገንዘብ አይወጣም። በኮምፒውተር ሲታይ ፒ1233 የሚል የብልሽት ኮድ ከወጣ ሞጁሉ መልስ አይሰጥም ማለት ነው፤ ራሱ ሞቷል ወይም መብራት አይደርሰውም። ፒ1237 ከሆነ ግን ከሞጁሉ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን መስመርና ፓምፑን ራሱን ፈትሹ።

መግጠሙ ጋራዥ ለሌለውም ሰው አይከብድም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ስኮርት ጎማውን አውርዱ፣ ሶኬቱን አላቁና ሁለቱን ብሎን ፍቱ። ብሎኖቹ ዝገው ስለሚይዙ ቀድማችሁ የዝገት መፍቻ ንፉባቸው፤ በጉልበት ከተፈቱ ይቆረጣሉ። የሶኬቱ ፒኖች አረንጓዴ ከሆኑ አዲስ ሞጁል ብቻውን አያድናችሁም፣ ሶኬቱም መቀየር አለበት። የሚታሰርበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ቀለም ቀቡት። መካኒክ የሚሠራላችሁ ከሆነ ደግሞ ጎማው ተመልሶ ከመታሰሩ በፊት ስፔሰሩ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ።